ግጥም የሚያውቁ ምርኮኞች

ልጄ የጥንት ግሪኮችን ታሪክ የተማረችው ወድዳ አልነበረም። የምታጠናው ነርሲንግ ነው። ከሙያዋ ውጭ አንድ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ሆኖባት፣ ከሥራ ሰዓቷ ጋር የማይጋጨው እሱ ብቻ ስለነበረ ተመዘገበች። መጀመሪያ ሰሞን ስታማርር ነበር። ቆይቶ ግን እራት ላይ ስለ አቴናና ስለ ስፓርታ፣ ስለ መርከቦቻቸውና ስለ ጭቅጭቃቸው ስታወራ የጎረቤት ወሬ የምታመጣ ይመስል ነበር።

ቤታችን ቬጋስ፣ ሎን ማውንቴን የሚባለው ተራራ አጠገብ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ልጄና ታላቅ ወንድሜ። እኔ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ክፍሎች አጸዳለሁ፤ ሺፍቴ የቀን ነው። ወንድሜ ከከተማው በስተሰሜን፣ ኤፔክስ በሚባለው ቦታ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት ይነዳል። የልጄ አባት ከሞተ በኋላ መጥቶ አብሮን መኖር ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ትምህርት ቤት ያመላለሳት፣ ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው። ዝምተኛ ነው። ዝምታው ግን ሰው ላይ የሚከብድ ዓይነት አልነበረም።

በልጅነቱ የሚያውቁት ሰዎች ዝምተኛ ሆኗል ቢባሉ አያምኑም። ወሎ፣ እኛ ባደግንበት ሰፈር፣ መንዙማ የሚባልበት ቤት ሁሉ ይጠራ ነበር። ገና ጺም ሳያበቅል ሽማግሌዎቹ መሐላቸው አስቀምጠው ያስመሩት ነበር። እሱ ስንኙን ያወጣል፣ ቤት ሙሉ ሰው ይቀበለዋል። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የምሰማው የመጨረሻ ነገር የእሱ ድምፅ ነበር።

ከዚያ በአፈሳ ከገበያ ተይዞ ወደ ሰሜኑ ጦርነት ተወሰደ። ከዓመታት በኋላ፣ ጦርነቱ አብቅቶ ሲመለስ፣ መንዙማ አይልም። እናታችን ለመነችው፣ ሼኹ መከሩት። "ረሳሁት" ይላል፣ ሌላ መልስ የለውም። ቬጋስ ከመጣም በኋላ እንደዚያው ነው። የመውሊድ ዕለት ቤት ተሰብስበን ድቤው መመታት ሲጀምር "መኪናዋን ቼክ ላድርግ" ብሎ ይወጣል፤ ምግብ እስኪቀርብ አይመለስም። መንዙማን ከሚነቅፉት ወገን ሆኗል እያሉ የሚያሙት ሰዎች ነበሩ። እኔም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ተውኩት።

አንድ እሁድ ከሰዓት ልጄ ሁለታችንን ሳሎን አስቀመጠችን። ክፍል ውስጥ ቆማ የምታቀርበው ነገር ነበራት።

"ፕራክቲስ ላደርግባችሁ ነው" አለች። "በአማርኛ ልሞክረው። ለእናንተ ከገባችሁ ለእነሱ ቀላል ነው።"

"ስለ ምንድን ነው?" አላት ወንድሜ።

"አቴናዎች ሲሲሊ ሄደው እንዴት እንደተሸነፉ።"

አማርኛዋ እንደነገሩ ነው። አጎቷን አንዴ "አንተ" አንዴ "እርስዎ" ትለዋለች። ታሪኩን ግን ጠንቅቃ ይዛዋለች። አቴና ሀብታምና ኃይለኛ ከተማ ነበረች አለችን። ከስፓርታ ጋር ያላት ጠብ ገና በቅጡ ሳይበርድ፣ ባሕር ተሻግራ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለችውን ሰራኩስን ልትይዝ አሰበች። ያንን የወሰነው ንጉሥ አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ ነው የወሰነው። በዕድሜ ጠና ያለ አንድ የጦር መሪ ተነሥቶ ይቅርብን ብሎ ነበር። ሰው ግን ሞቅ ብሎታል፤ ያልፈለገውም የአገር ጠላት እንዳይባል ፈርቶ ዝም አለ። ይባስ ብለው ይቅርብን ያለውን ሰውዬ ከአዛዦቹ አንዱ አድርገው ላኩት። መርከቦቹ ሲነሡ ከተማው ነቅሎ ወደቡ ላይ ወጣ፤ ዘማቾቹም በወርቅና በብር ዋንጫ ወይን ጠጅ እያፈሰሱ ጸለዩ።

"እጅ አውጥተው ልጆቻቸውን ላኩ?" አለ ወንድሜ።

"ራሳቸውንም ጭምር። ብዙዎቹ ቮት ያደረጉት ራሳቸው የሚሄዱት ናቸው።"

"እኛን ማንም አልጠየቀንም" አለ። "እሺ፣ ቀጥዪ።"

ስለ ጦርነቱ ሲያነሣ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ልብ አላለችውም፤ ቀጠለች። አቴናዎቹ ሰራኩስን ከበቡ፣ ግን መያዝ አቃታቸው። አንድ ሌሊት በጨረቃ ገጠሙ። ሰው መኖሩ ይታያል፣ ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ከአቴና ጎን ከተሰለፉት አንዳንዶቹ የሚሉት የጦር ዜማ ከጠላት ዜማ ጋር አንድ ዓይነት ስለነበረ፣ አቴናዎቹ የገዛ ወገናቸውን ድምፅ ሰምተው ደነገጡ፤ እርስ በርስ ተራረዱ። በኋላ ለመሄድ ሲሰናዱ ጨረቃ ተጋረደች። ያ ይቅርብን ያለው አዛዥ መጥፎ ምልክት ነው ብሎ አቆያቸው። እነሱ ሲቆዩ ጠላት ወደቡን ዘጋባቸውና መርከባቸውን አጡ። በእግር ሸሹ። ጥለዋቸው የሚሄዱት ቁስለኞች ስማቸውን እየጠሩ፣ አንገታቸው ላይ እየተንጠለጠሉ፣ የቻሉትን ያህል ተከተሏቸው። በመጨረሻ ውኃ ጥም ያቃጠለው ሠራዊት አንድ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ከላይ እየተወጋ፣ በደም የደፈረሰውን ውኃ እየተሻማ ጠጣ።

ወንድሜን አየሁት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል።

"የተረፉትን ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ከተቷቸው" አለች ልጄ። "በጣም ጥልቅ ነው። ላዩ ክፍት ነው። ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ። የሞተውም ያልሞተውም አንድ ላይ። ውኃ በቀን አንድ ትንሽ ኩባያ።"

"ምን ታክላለች ኩባያዋ?"

ልጄ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አነሣች። "ከዚህ ትንሽ ብትበልጥ ነው።"

ብርጭቆውን አየው። ዓይኑን ሳይነቅል ቆየ።

"ግን አንድ ነገር አለ" አለች፤ ደስ የሚላት ክፍል እንደሆነ ከድምፅዋ ያስታውቃል። "የሰራኩስ ሰዎች የአንድ አቴናዊ ባለቅኔ ግጥም በጣም ይወዱ ነበር ይባላል። አገራቸው ግን የሚደርሰው ቁርጥራጩ ነው። ስለዚህ ከምርኮኞቹ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግጥሙን ካነበነበላቸው ምግብና ውኃ ይሰጡታል። አንዳንዶቹን ለቀዋቸዋል። አገራቸው ሲገቡ ባለቅኔውን ሄደው አመሰገኑት።"

እኔ ፈገግ አልኩ። ወንድሜ ግን ቀና አለ።

"ግጥም የማያውቁትስ?"

"ሞቱ። ወይም ተሸጡ።"

"የሚያውቀው ለማያውቀው አላስተማረውም?"

ወረቀቷን አገላበጠች። "እሱን መጽሐፉ አይልም፣ አጎቴ።"

"አስተማሪሽን ጠይቂልኝ" አለና ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ልጄ ጠየቀችለት። አስተማሪዋ የተጻፈ ነገር እንደሌለ፣ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሳይማማሩ እንደማይቀሩ ነገረቻት። ይህንን ስታደርስለት ወንድሜ "ታውቃለች ወይስ ትገምታለች?" አላት። "ትገምታለች" ስትለው ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። ወንድሜ ውኃ ቀድቶ የሆነ ቦታ ያስቀምጣል፤ አይጠጣውም። መስኮት ደፍ ላይ ሙሉ ብርጭቆ አገኛለሁ፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ አገኛለሁ፣ ጋራዡ ውስጥ መሬት ላይ አገኛለሁ። "ለማን ነው?" ስለው "ረስቼው ነው" ይላል። ልጄ መጀመሪያ ሳቀችበት፣ በኋላ ግን ከኋላው እየተከተለች መድፋት ጀመረች። አንድ ቀን የመኪናው ወንበር ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ባለው መቀመጫ፣ ቀበቶ የታሰረለት የውኃ ጠርሙስ አየች። ነገረችኝና "ማሚ፣ ፈራሁ" አለችኝ።

እኔ የፈራሁት ደግሞ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ነው። ጋራዡ ክፍት ነበር። ወንድሜ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ድምፅ ሰማሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልሰማሁት የወንድሜ የዜማ ድምፅ ነበር፤ ሻክሯል፣ ግን እሱ ነው። አንድ ስንኝ አወጣ። ከዚያ ዝም አለ፤ ሰዎች የሚቀበሉትን ያህል ጊዜ ጠበቀ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ወንበር ዘንበል አድርጎ። እንደገና አወጣ። እንደገና አንገቱን ዘንበል አደረገ። ኋላ ወንበር ላይ ማንም የለም። ሲያየኝ ሞተሩን አስነሣና የትም ሳይሄድ አጠፋው።

ነገሩ የወጣው በዚያው በጋ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ የወንድሜ አለቃ ደወለልኝ። ለአደጋ ጊዜ የሰጠው ቁጥር የእኔ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ወንድምሽ ከምሳ ዕረፍት በኋላ አልገባም፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ስናናግረው ይመልሳል፣ ግን አይነሣም አለኝ። አስፈቅጄ በአይ አሥራ አምስት አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ነዳሁ። ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው አጥር ማዶ የኖራ ድንጋይ የሚወጣበት ተራራ አለ፤ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ነጭ ሆኗል። ወንድሜ የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀምጦ እሱን ያያል። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል።

ጃንጥላ ዘርግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ይሄን ተራራ ስንት ዓመት አየሁት፤ ምንም አልነበረም" አለ። "አሁን የተቆረጠውን ሳየው ታች ሰው ያለ ይመስለኛል።"

"የት ነው ሰው ያየኸው?"

"እዚህ አይደለም። ያኔ ነው።"

ከዚያ ነገረኝ። እንደተማረከ እንኳ አናውቅም ነበር። ከተማረኩት ጋር ብዙ መንገድ በእግር ወስደው አንድ ደረቅ ገደል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው፣ ጠባቂዎቹ ላይ ናቸው። ውኃው ለጠባቂዎቹም አይበቃም። "አልረግማቸውም" አለ። "እነሱም ይጠሙ ነበር።" አንድ ቀን መግሪብ ላይ ለራሱ መንዙማ ሲያንጎራጉር ከጠባቂዎቹ አንዱ ሰማው። ሰውየው የቆላ ሰው ነው፣ እስላም። አማርኛው በቅጡ ባይገባውም ውስጡ ያለውን ዐረብኛና የነቢዩን ስም ለየ። ወደ ላይ ጠራውና በል እስቲ አለው። ሲጨርስ ውኃና ቁራሽ ቂጣ ሰጠው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስትገባ ይጠራው ጀመር።

"አጠገቤ አንድ የጎጃም ልጅ ነበር" አለ ወንድሜ። "አንድ ብርድ ልብስ ነው ለሁለት የምንለብሰው። እኩያዬ ነው። ቂጣዬን ደብቄ ላመጣለት ስል ጠባቂው አየኝ። 'ለአንተ የሰጠሁህን እዚሁ ብላ' አለኝ። ስለዚህ ዋሸሁት። መንዙማ ያለ ተቀባይ አይሆንም፣ ተቀባይ አለኝ አልኩት። 'ነገ አምጣው' አለኝ።"

"ልጁ ያውቅ ነበር?"

"ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው፤ ከየት ያውቃል። ቀኑን ሙሉ አስተማርኩት። ጆሮ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሁልጊዜ ይዘገያል። ቃሉን ደግሞ በጎጃምኛ ያጥፈዋል። ያን ዕለት ወጥተን እኔ ሳወጣ እሱ ዘግይቶ ሲቀበል ጠባቂው ሳቀ። ማተቡን አይቷል። ያም ሆኖ ለሁለታችንም ውኃ ሰጠን። ሰው ነበር።"

እንደዚያ እያሉ ሰነበቱ። ከዚያ ያ ጠባቂ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። የተተካው ዜማም ምንም አይፈልግም። የጎጃሙ ልጅ ተቅማጥ ያዘው። መጨረሻ ላይ ወንድሜን አያውቀውም፤ ስሙን ሲጠራው አይመልስም።

"ስንኙን ሳወጣ ግን ይቀበላል" አለኝ። "ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ እኔ ካወጣሁ ይቀበላል። ዘግይቶ። ስለዚህ ማውጣቴን አላቆምኩም። ካቆምኩ የሚሄድ መሰለኝ። አንድ ጠዋት አወጣሁ፤ አልተቀበለም።"

ከተራራው ማዶ አንድ ትልቅ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ አቧራው ተነሣ። አቧራው ሲወርድ ቀጠለ።

"አገር ገብቼ መጀመሪያ መንዙማ ቤት የሄድኩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ከተቀበለ በኋላ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ ዘግይቶ መጣ። በጎጃምኛ። ዞር ብዬ አየሁ፤ የማውቀው ሰው ብቻ ነው ያለው። እዚህም መጥቷል፣ መውሊድ ላይ። ለዚህ ነው የምወጣው።"

"አሁንስ?"

"ልጅቷ የዚያን አገር ሰዎች ታሪክ ከነገረችን ወዲህ ድምፁ መውሊድ አይጠብቅም። መኪና ውስጥ ነው።"

የመጣልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። "ቤተሰቦቹ ያውቃሉ?"

"ታናሽ እህት አለችው። መንደሩንም ነግሮኛል። ምን ብዬ ልንገራት?"

"እኔን እንደነገርከኝ" አልኩት፤ ክንዱን ይዤ አስነሣሁት።

ከእኔ ጋር የምትሠራ የጎጃም ሴት አለች። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም ሰጠኋት። እሷ ለወንድሟ ደወለች፣ ወንድሟ የደብሩን ቄስ ጠየቀ፣ ቄሱ የሚያውቁ ሰዎች አገኙ። ሳምንታት ፈጀ። በዚህ መሐል ልጄ ክፍል ውስጥ አቀረበች። መጨረሻ ላይ የሚያውቁት ለማያውቁት አስተምረው እንደሆነ አይታወቅም የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርኩበት ብላ ለአጎቷ ነገረችው። "ጥሩ አደረግሽ" አላት። ከዚያም የጎጃሙ ልጅ እህት ባሕር ዳር እንደምትኖር ወሬ መጣ፤ ስልክ ቁጥሯም ደረሰን።

የደወልንላት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በእነሱ ምሽት። ወንድሜ ኮት ለብሶ፣ ለእንግዳ እንደሚቀመጥ ቀጥ ብሎ ኩሽና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግሁለት። ልጄም ከጎኔ ቆመች።

"እኔ ከወንድምዎ ጋር አብሬ የተማረክሁ ነኝ" አላት።

"ሞቷል?" አለች።

"ሞቷል። አጠገቡ ነበርኩ። የቀበርኩትም እኔ ነኝ። ማተቡን አልበጠስኩም።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ከዚያ "ሲሞት ምን ይል ነበር?" አለችው።

"ከእኔ ጋር ያዜም ነበር።"

"እሱ? እሱ መች ዜማ ያውቅና። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አፉን ያንቀሳቅስ ነበር እንጂ ድምፅ አያወጣም። ምን ነበር የሚያዜመው?"

ወንድሜ አየኝ። "የእኛን ነው። የእስላም መንዙማ ነው። ውኃ እንድናገኝበት ብለን ነው እንጂ ሃይማኖቱን አልተወም። ቅር እንዳይልዎት።"

"ይበሉልኝ" አለች። "ልስማው።"

እምቢ የሚል መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ጨፈነና አንዱን ስንኝ አወጣ። ኩሽናችን ጠባብ ናት፤ ድምፁ ሞላት። ተቀባዩ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመ። ማናችንም አልተቀበልንም። ያ ዝምታ ሲረዝም ጠበቀ፤ ልክ ጋራዡ ውስጥ እንዳየሁት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ ራሱ ተቀበለው። በራሱ ድምፅ ግን አልነበረም። ዘግይቶ፣ ዜማውን ስቶ፣ ቃሉን በጎጃምኛ አጥፎ። ከወንድሜ አፍ የማላውቀው ሰው ድምፅ ወጣ። ልጄ እጄን ጨበጠችኝ።

"እንዲህ ነበር የሚለው" አለ።

"እሱ ነው" አለች ሴትየዋ። "በሞትኩት፣ እሱ ነው።" ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ወንድሜ እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋም፤ እሱ አላለቀሰም።

እስከዚያ ድረስ ይመጣል ብላ ፍታት አላስፈታችም ነበር። ካነጋገርናት በኋላ አስፈታች፤ ለሰፈሩም ተዝካር አበላች። አሁን እሁድ እሁድ ትደውላለች። ስልኩን ልጄ ካነሣችው ሴትየዋ አማርኛዋን እያረመቻት ብዙ ታወራታለች። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ውኃ ቀድቶ አይተውም። የልጁ ድምፅ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። "ይመጣል" አለኝ። "ግን አያዘወትርም።"

በቅርቡ ደግሞ የወንድሟን ፎቶ ላከችልን። ከመዝመቱ በፊት ገበያ ውስጥ የተነሣው ነው፤ ያላት ፎቶም እሱ ብቻ ነው። ወንድሜ ለሥራ ሲወጣ በር ላይ አቁሜ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎ አቀረበው፣ አራቀው። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ጉንጩ ሙሉ ነው፣ ጸጉሩን ጎፈር አድርጎ አበጥሯል፣ የተዋሰው የሚመስል ኮት ለብሷል።

"እሱ ነው?" አልኩት።

"እሷ እሱ ነው ካለች እሱ ነው" አለኝ። "እኔ የማውቀው አጥንቱን ነው። እንዲህ ጉንጭ እንደነበረው አላውቅም ነበር።"

እንደገና አየው። ደጋግሞ አየው። ከዚያ ስልኬን መለሰልኝና ሺፍቱ እንዳያልፍበት ሄደ።